ከዓይን በታች

ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሐምሌ ሌሊት፤
ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀት ያቀብላል ለሙቀት።
ድስቷ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ተልባ፣
ብርጭቆ ተኩል ውሃ፤
እሳቱ ዝቅ ይበል፤ አይቆጣ፣ ያባባ።

ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ፣ ይሉ ነበር አገር ቤት፤
እዚህ ግን ሳይንጫጫ
ልጋጉን ለቀቀው፣ በዝምታ፣ በትዕግሥት።
እንደ እንቁላል ውሃ ከማንኪያው ተንጠልጥሎ
አልወርድም ይላል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል ራሱን ጠቅልሎ።
ወንፊቱ እምቢ ቢለኝ በናይለን ካልሲ አጠለልኩት፤
ታጥቧል! ሁለት ጊዜ ነው ያፈላሁት።

ልጄ ሊአት ቤርሼባ ኬሚስትሪ ትማራለች፤
በስልኩ መስኮት ብቅ ብላ ታዘኛለች፦
«እማ፣ በማንኪያ አይለካም፤ በግራም!»
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ የማረሻን ትኩሳት
በቀለሙ እንጂ በቁጥር አያውቅም።
እኔ ግን የገዛችልኝን ሚዛን፣
በግ የማይችል፣ ጸጉር የሚመዝን፣
አበራሁት፦
መቶ ግራም ልጋግ፣ አምስት ግሊሰሪን፣
ቢጫ መራራው የተንጠፈጠፈ እሬት አሥር፣
ሁለት ጠብታ ቫይታሚን።
«ማቆያውንም፣ እማ፣ አንድ ግራም፤ እንዳትረሺ።»
በኮሰረት፣ በኮረሪማ ቅቤን ዓመት ያከረመች እጅ
ምን ማቆያ ትሻለች? በአፌ ግን አልኩ፦ «እሺ።»

በአራተኛው ቀን ክዳኑን ብከፍት
የኩሬ ውሃ ሸተተኝ፤
አንድ ጥቁር ነጥብ፣ እንደ ብሌን፣
ከመሃል ሆና አየችኝ።
ሊአት ሳቀች፤ አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ እየቆነጠጣት፦
«ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች!
አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»
ደፋሁት።
ሁለተኛው ቀጠነ፤ ጉንጬ ላይ እንደ ላብ ወረደ።
ይሄ ሦስተኛው ነው። ማቆያው አለበት፣
አንድ ግራም፤ ሚዛኑ ምስክሬ ነው።

«ያሳንሳል?» ትላለች ፍሬሃ፣ ጎረቤቴ፣ የማራኬሿ ሴት፣
ሳታስፈቅድ ጣቷን ነክራ፣ እንደቆመች ከደጃፉ።
«አያሳንስም፤ ያቀዘቅዛል» አልኳት፤
«ያም ቀላል አይደለም፣ በዚህ ሙቀት።»

እኔን ያስረጀኝ ፀሐይ አይደለም፤ እስክሪብቶ ነው።
ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛሁ፣
የታናሽ እህቴን አንድ እግር ጫማ በእጄ ይዤ የቆምኩ።
«መቼ ተወለድሽ?» አለ ጸሐፊው፤ አስተርጓሚው ደገመው።
«አንበጣ የመጣ ዓመት፣ ዳጉሳው ሲታጨድ» አልኩ።
እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ፤
ቀና አለና ከዓይኔ በታች አየኝ፤
አቧራውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ እጥፋቱን አነበበና
ሠላሳ ብሎ ጻፈኝ።
ዘጠኝ ዓመት አበደረኝ፤ ወለዱን ሳይነግረኝ።

ወለዱ ዘንድሮ መጣ፣ ከካሮት ማሸጊያው ቤት፣ በፖስታ፦
«ወይዘሮ ታከለች፣ መልካም ጡረታ!»
ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ዘጠኝ ታከለባት።
ስጦታም አለው፤ ብርድ ልብስ።
በሐምሌ። በቂርያት ጋት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰውነቴ ይነሳል፤
የሠራተኛው አውቶቡስ ያለ እኔ ያልፋል።
ከማቀዝቀዣው፣ ከእንቁላሉ ጀርባ፣ ብልቃጧን አወጣለሁ፤
በቀለበት ጣቴ፣ እሱ ጉልበት የለውምና፣
ጠብ ጠብ አደርጋለሁ።
ይቀዘቅዛል መጀመሪያ፤
ኋላ ሲደርቅ ቆዳዬን ሳብ ያደርጋል፣ እንደ ቆየ እንባ፤
መስተዋት አላይም፤ መብራትም አላበራ።

ብልቃጧ ላይ ሊአት ባዶ ወረቀት ለጥፋለች፤
የምጽፍበት ግን እኔ ነኝ፦
የተሠራበት ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤
ሰዓቱን ጭምር፣
ማንም ሳይጠይቀኝ።