አሥራ አምስት ነጥብ

ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል፣ ከሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ፣
አርባ ሐኪሞች ነበርን፣ ግማሹ ከአዳር ተረኝነት ተመላሽ፤
መጋረጃው ተጋርዶ፣ ስላይዱ እየተገለጠ፣
አሠልጣኙ ለራሱ ያነባል፣ ጀርባውን ለእኛ እንደሰጠ።
እኔ በመጋረጃው ክፍተት የማየው ሌላ ነበር፦
አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ከአሞራ ገደል በር፤
ራሰ በራ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ግራጫ ካፖርት ደርቦ፣
የተከበረ ፕሮፌሰር መስሎ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል ተርቦ።

እኛም ፖስታ እንጠብቃለን።
አራት ሰዓት ላይ ሻይ።
ከምሳ በኋላ ፊርማ፣ ከፊርማው በኋላ አበል፣
ከአበሉ በኋላ ማን ሊቀመጥ፣ ማን ጥያቄ አለኝ ሊል?
ፈረምኩ። አሥራ አምስት ነጥብ። የሙያ ፈቃዴ ታደሰ፤
የሰማሁት ግን ደረጃውን ሳልወርድ ከጆሮዬ ፈሰሰ።

ይህ በጥር ነው።

ነሐሴ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
በዝናብ ከገጠር የመጣች፣ አንሶላዋ የራሰ እናት።
ማህፀኗን አሸን። ኦክሲቶሲን ሰጠን። ደገምን። ደሙ አልቆመም።
የሃያ ዓመት ዕውቀቴን አዘዝኩ፤ ከኪሴ የቀረኝ የለም።
ያኔ ዲቦራ፣ ኢንተርኗ፣ ጓንቷ እስከ አንጓዋ ቀልቶ፣
«ዶክተር፣ ትራኔክሳሚክስ?» አለች፣ ድምጿ ከፍርሃት ሳስቶ፤
«ሦስት ሰዓት አልሞላትም ከወለደች።»
ዝም አልኩ። ዝምታዬ ቁጣ መሰላት፤ «ይቅርታ» ብላ አፈገፈገች።

አልተቆጣሁም።
አላውቀውም ነበር።

ሲስተር አስካለች ትእዛዜን አልጠበቀችም፤
መደርደሪያውን በራሷ ቁልፍ ከፈተች፤ ለፈቃድ ወደ እኔ አላየችም።
ከብልቃጡ ላይ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣
«ከግንቦት ጀምሮ እዚህ ነው» አለች፣ «የሚያዘው ፍለጋ።»
ሰጠናት፤ በደም ሥር፣ አሥር ደቂቃ፣ በዝግታ፤
ሊነጋጋ ሲል ደሙ ቀጠነ። ውሃ ጠየቀች፣ ነቅታ።

ቤቴ ስገባ ከግድግዳው ላይ፣ በመስታወት፣ በፍሬም፣
ወረቀቴ ተሰቅሏል። ሚስቴ ነች የሰቀለችው፤ እኔ አንብቤው አላውቅም።
ጫማዬን ሳላወልቅ አነበብኩት፦
«ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፤ አዳዲስ የሕክምና ስልት።»
ስሜ። ማኅተም። አሥራ አምስት ነጥብ።
ቀኑም ያው፣
አባ ኮዳ ሳይ የዋልኩበት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከማዋለጃው ዕቃ ጓዳ፣
ጓንትና ግሉኮስ ከተቆለለበት፣ ሦስት አግዳሚ፣ አንድ ሰሌዳ።
ፖስታ የለም። ሻይ ከየኪሳችን። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበርን፤
በሦስተኛው ሳምንት አራት። አንዱ «ነጥብ አለው?» ብሎ ጠየቀን።
«ለጊዜው የለውም» አልኩት። ወጣ።
እስከ ዛሬ አልመጣ።
አልፈርድበትም፤ እኔም ጥር ላይ እርሱን ነበርኩ።

ደንባችን አንድ ነው፦ ማንም የተሳካለትን አይናገር፤
ካርዱን ይዞ ይምጣ፣ ሰዓቱን ሳይደብቅ፣ ያመለጠውን ነገር።

የመጀመሪያው ሐሙስ ተራው የእኔ ሆነ።
የዳነችውን አላነሳሁም። ያወራሁት ካቻምና ከእጄ ላይ ስላለፈችው፣
በዚያው ደም፣ በዚያው የሌሊት ሰዓት፣ ለባሏ በኮሪደር ስላረዳሁት ሰው።
መድኃኒቱ ያኔ ይኑር አይኑር እንጃ፤
ስሙን የማያውቅ ምን ብሎ ይጠይቃል?

«የእሷንም ስም ረስቻለሁ» አልኩ።

ሲስተር አስካለች ተነሥታ ወጣች፤
መዝገቡን አቅፋ ተመለሰች፤ ጣቷን በምራቋ እያራሰች
ገጽ በገጽ ስትሄድ፣ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ከቆርቆሮው ላይ፤
ቆመች። «ማርታ ሆጤሶ» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት። ሦስተኛ ልጅ።»

ዲቦራ ከሰሌዳው ራስ፣ ከቀኑ በላይ ጻፈችው።
ሐሙስ አልፎ ሐሙስ ሲመጣ፣ ሌላው ሁሉ ይጠፋል፤
ያንን ጠመኔ ግን ማንም አልነካውም።

ጓዳው መስኮት የለውም።