ትርፍ ቦታ

ዓርብ ከሰዓት፣ ሐወሊ። የማዳም ልጅ የጣለውን
ላፕቶፕ ይዤ ገባሁ፣ በሻሽ ጠቅልዬ ጎኑን።
ሻጂ ጆሮውን ደገነ፤ ዲስኩ ቂጭ ቂጭ ሲል ሰማና
"ይሄማ ሞቷል" አለ፣ "አልተቀበረም ገና።"
ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቶ ሆዱን ቢከፍተው፣
አሸዋ ነው፣ የሩዝ ፍሬ ነው፣ የድመት ጸጉር ነው።

"ይሄኛው ፈጣን ነው፤ ድምፅ የለው፣ አይሽከረከር፤
ሁለት መቶ ሃምሳ ጊጋ፣ አስራ ሦስት ዲናር።
ያኛው ቀርፋፋ ነው፣ ሆዱ ግን ጎተራ፤
በዚያው ዋጋ እንኪ፣ ይይዛል አንድ ቴራ።"

ለጎተራው ቸኮልኩ፤ ሰባት ዓመት ነው እኮ ኑሮዬ።
"መጀመሪያ ይለካ" አለኝ። ተለካ ጓዜ፣ ገመናዬ፦
የሐዋላ ደረሰኞች፣ የእህቴ ሰርግ፣ የሌለሁበት፣
የሂሳብ አያያዝ ትምህርት፣ ከክፍል ሦስት ያላለፍኩበት።
ተደመረ። አርባ አንድ ጊጋ።
አፈርኩ። ይሄው ነው በቃ?

ማዳም ቤት ሌሊት አምስት ሰዓት ነው መብራት የሚጠፋው፤
አስራ አንድ ላይ ደግሞ የልጆቹን ምሳ ቃ ነው የማሰናዳው።
በመሀል ልማር ብዬ ስከፍተው፣ ያስባል፣ ያስባል፣ ያስባል፤
እሱ እስኪነቃ ድረስ የኔ ዓይን ይከደናል።

"ፈጣኑን" አልኩት።

ገጥሞ ሲጨርስ ቀና ብሎ "ለዲስኩ ስም ስጪው" አለኝ።
እነማዳም "ሊንዳ" ይሉኛል፤ ስሜ ከብዷቸው ቀየሩኝ።
ያልሞላው ሁለት መቶ ጊጋ ገደማ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
ጣቴ በላቲን ፊደል "ትርፌ" ብሎ ጀመረ።
ሻጂ ድምፁን አውጥቶ አነበበው፤ ሁለቴ ተሳሳተ፤
ሦስተኛው ላይ ያዘለት። ዲናሩን ቆጥሮ ከተተ።