የጠጠር ሒሳብ

ጎርጎራ ምላሷን በጣና ላይ ዘርግታ
ውሃ የምትቀምስ ትመስላለች ማታ።
ሦስቱ ጎኗ ማዕበል፣ አንዱ ብቻ መንገድ፣
ከጎንደር ተነስቶ አቧራ ለብሶ የሚወርድ።

ከወደቡ ማዶ ግማሽ ሰዓት ተቀዝፎ
አለች አንዲት ደሴት፣ ዋርካዋ ተቃቅፎ፤
ግንድ አይቆረጥባት፣ መረብ አይጣልባት፣
ጎጆ የሠራ ወፍ ማንም አይነካባት።
«ጥብቅ ስፍራ» ይላል ቆርቆሮው ከዛፍ ላይ፣
ግማሹን ዝገት በልቶት «ጥብቅ» ብቻ የሚታይ።

አባቴ ቢምረው
ድሮ የእንጨት ሌባ ነበር፣ የሌሊት ዋናተኛ፤
«ሌባ ያውቃል» ብለው አደረጉት ዘበኛ።
ፊደል ያልቆጠረ ወፍ ቁጠር ተባለ፤
አሰበ፣ አሰበና
ከዳርቻው ጠጠር ሲለቅም ዋለ።
ነጩ ለይብራ ነው፣ ጥቁሩ ለዓሣ አሞራ፣
ቀዩ ለሽመላ፤ ያልለየውን ተራ
ወፍ ሁሉ በአንድ ዓይነት፣ በግራጫ ደፍኖ
ቅዳሜ ይመጣል፣ ጣሳ ሙሉ ጭኖ።

ጠረጴዛው ላይ ሲያፈሰው በረዶ የወረደ ይመስላል፤
እኔ በቀለም ስለይ እሱ ቆሞ ያያል።
«አደራ» ይለኛል፣ «አንዱ እንዳይወድቅብሽ፤
ወፍ ነው እሱ፣ ትሁኔ፤ ጠጠር እንዳይመስልሽ።»

ክረምት ሞገድ ሲያይል ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት
አይመጣም፤ ማዶ ለማዶ ባትሪ እናበራለት
ነበር፣ እናቴና እኔ። እሱም ያበራል፦
አንዴ ብልጭ፣ «አለሁ»። ሁለቴ፣ «ዱቄት አልቋል»።

አንድ ዓመት ቁጥሩ አነሰ። እምቦጭ ዳሩን ዘጋ፣
ይብራው ሳይሰናበት ሄደ፣ ሌሊት ሳይነጋ።
ከጽሕፈት ቤት ሰው መጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤
«ትንሽ ጨምሩበት፣ አባት፤ ቁጥሩ ለምን አነሰ?»
አባቴ ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ፤
«የሌለ ወፍ ማን ይጠብቃል?» አለና ተከዘ።

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ገና
ሞላልኝ ጀልባውን አስሮ ከደጃችን መጣና
ቆቡን አወለቀ። ምንም አላለኝም።
ከዋርካው ሥር ነው ያገኘው፤ የሞተም አይመስልም።

ጣሳውን ሰጠኝ። ቆጠርሁ። አርባ አንድ ነበረ፤
አንድ ጠጠር ግን ብቻውን በጭብጡ ቀረ።
ግራጫ። ገናዦች ጣቱን ፈልቅቀው ሰጡኝ፤
ከለቀስተኛው መሀል ጥያቄ መጣብኝ፦
አይቶ ነው የጨበጠው፣ ወይስ ገና ሊያይ?
አርፋ ነበር ወፊቱ፣ ወይስ ገና በሰማይ?
አርባ አንድ ብዬ ልጻፍ? አርባ ሁለት ልበል?
ብዕሬ ከሁለቱ መሀል ሲዋልል፣ ሲዋልል

ሠልስቱ ወጣና፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ
ሞላልኝን «ቅዘፍ» አልሁት፤ መዝገቡን ታቀፍሁ።
ደሴቷ ስትቀርብ ከተማዋ አነሰች፣
ጎርጎራ ምላሷን ወደ አፏ መለሰች።

እሱ የነበረበት ሣር ገና አልተነሳም።
ወደ ላይ አላየሁም፤ ለመቁጠር አልቸኮልሁም።
ቅርንጫፍ ተነቃነቀ። ወይ ነፋስ፣ ወይ ወፍ።
ጨብጬ እጠብቃለሁ፣
እስክትበር፣ እስክታርፍ።