የዳገት ሂሳብ

ከዚራ፣ ከዛፍ ስር፣ ካርታዋን ዘርግታ፣
ጣቷን ከድሬ ላይ እስከ ሐረር ጎትታ፣
«አሥር ቀን ነው ያለኝ፤ የት ልረፍ?» አለችኝ፣
ፍሬኑ የሚያቃስት ብስክሌት ሰጠችኝ።

«ጎማ ለጣፊ ነኝ፣ አልጋ አላከራይም፤
ግን ዳገቱ አንድ ነው፣ መክፈልሽ አይቀርም።
ሐረር ብታድሪ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣
ጠዋት ትወርጃለሽ ድሬ እንደ ዋዛ፤
ማታ ግን ደንገጎ፣ እንደ አበዳሪ ሰው፣
መሀል መንገድ ቆሞ «አምጪ» ነው የሚለው።
ድሬ ብታድሪ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ
ላብሽን ትከፍያለሽ እስከ ደንገጎ መውጫ፤
ማታ ዕዳ የለብሽ፣ ፔዳልም አትረግጪ፣
ከጫት መኪና ብቻ ጥግ ይዘሽ አምልጪ።»

«አንተስ፣ ቶፊቅ፣» አለች፣ ታፔላዬን አይታ፣
«ስንቴ ወጣኸው?»
          ዝም አልኩ ላንድ አፍታ።
ደንገጎን የማውቀው በሚኒባስ መስኮት ነው፤
ሠላሳ ዓመት ያጠበቅሁት ፔዳል ሁሉ የሰው ነው።

ነገርኳት። አልሳቀች። ፍሬኗን ሞክራ
«እዚሁ አድራለሁ» ብላ ነዳች በከዚራ።

ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ ባለቤቱ የረሳው አንድ ብስክሌት አየሁ፤
ጎማውን ነፋሁት፤
ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረግሁ።