የማይከፈት ገጽ

ፈርዋኒያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት፣
በቺፕውድ የተሸነሸነ፣ ስምንት ሴት ያለንበት፤
ራውተሩ ከበሩ ራስ፣ ከጫማው መደርደሪያ በላይ፣
ሩቂያ ከኩሽናው ጥግ፣ ሞገዱ ከማይደርስበት ዳር ላይ።

አንድ ዘንግ ብቻ ነበራት፣ እሷም ብልጭ ድርግም የምትል፣
የልጇን ፊት ቆራርጣ በቁራጭ በቁራጭ የምትከፍል።
ኮምቦልቻ ያለች ልጇ፣ ዘንድሮ አምስተኛ ገብታ፣
ክፍልፋይ አስቸግሯት፣ ማታ ማታ ደብተር ዘርግታ
እናቷን ትጠብቃለች።
እናት ከስልኩ ጋር ትታገላለች።
"ግማሽ ሲደመር…" ትላለች፤ ድምጿ መሃል ይሰበራል፤
ሲደመር ስንት እንደሆነ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል።

ከኬራላው ሱቅ ገዛን፣ ማራዘሚያ በስድስት ዲናር፣
ስምንታችን አዋጥተን፤ የዝናሽ የካርድ ገንዘቧ ነበር።
"ሰኪው፣ ስልክሽን አገናኚ፣ ቁጥሩን ጻፊ፣ አለቀ" አለ፤
እሱ ሱቁን ዘጋ። ነገሩ እኔ ላይ ዋለ።
ኮሌጅ አንድ ዓመት ቆይቼ ኮምፒውተር ስለነካካሁ፣
ለዚህ ቤት ያለ ደመወዝ መሐንዲስ ሆኜ ቀረሁ።

ሰካሁት። መብራት አወጣ፣ እንቅልፍ እንዳጣ ዓይን ቀላ፤
ስሙ ስልኬ ላይ መጣ፣ "ተገናኝተሻል" አለኝ። ከዚያ በኋላ
መቶ ዘጠና ሁለት፣ ነጥብ፣ መቶ ስልሳ ስምንት፣
ነጥብ፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት።
መንገድ የለው፣ ቀበሌ የለው፣ ይህም አድራሻ ነው አሉ።
ነጭ ገጽ። ክቧ ትዞራለች። ሰባት ሴቶች ያያሉ።
ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ እህል እንደሌለው አውድማ፤
ከዚያ፦ "ገጹ ሊከፈት አልቻለም።" የዝናሽ ሳቅ ተሰማ።

ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አሥር ቆጠርኩ፣ በሌላ በር ልግባ ብዬ፤
ታሪክ አጥፊ ይላል፣ አጠፋሁ፤ የስልኩን ነው፣ የራሴንማ ከየት ችዬ።
የትርሲት ጉትቻ ወለቀ፣ ጫፉ በቀዳዳዋ ገባ፤
ተጭኜ አሥራ አምስት ቆጠርኩ፤ መብራቱ ጠፍቶ፣ ቀልቶ አነባ።
ሐሪሱ በበሩ ሲያልፍ "ኸርባን ነው" ብሎን ወረደ፤
የስድስት ዲናሩ ነገር ሆዴ ውስጥ እሳት ነደደ።

ሩቂያ ቃል አልወጣትም። ሌሊት አሥር ሰዓት ባሱ ይመጣል፤
የሆስፒታል አንሶላ፣ ክምር በክምር፣ እጇን ይጠብቃል።
እርሳስ በጣቷ፣ ስልክ በደረቷ፣ ጋደም አለች፤
"ከተሠራ ቀስቅሽኝ" አለችኝ። ወዲያው ተኛች።

ሌሎቹም በየሣጥናቸው ገቡ።
አውሮፕላን ጣሪያችንን ፍቆ አለፈ።
ባሕረ ሰላጤ ተብሎ መጥቼ ባሕሩን ሁለቴ ነው ያየሁት፤
የእኔ ሞገድ ይሄ ነው፣ በጣውላ መሃል ስፈልገው ያመሸሁት።

ያኔ ነው ከስልኩ አናት ያቺን ትንሽ ምልክት ያየሁ፤
ዳታው ክፍት ነው። ክፍት ነበር። ለካ በከንቱ ነው የለፋሁ።
ስልኬ ማራዘሚያውን ነክቶ "ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ይንቃል፤
ሹልክ ብሎ በዳታ ወጥቶ የከተማውን ሰው ይጠይቃል፤
ክንድ በማይሞላ ርቀት ግድግዳዬ ላይ ያለውን
ከማማ ማማ እየዞረ ያጠያይቃል አድራሻውን።
እዚያ ማን ያውቀዋል?

ዳታውን ዘጋሁት። "አትሂድ፣ እዚሁ ቆይ" አልኩት።
ቁጥሩን እንደገና ጻፍኩት።
ገጹ ተከፈተ።
እንዲህ በቀላሉ፤ ለመናደድ እንኳ ጊዜ ሳይሰጠኝ።
የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ከጀርባው አንብቤ ሰጠሁት፤
አረንጓዴ በራ።

ወዲያው የሩቂያ ስልክ ደረቷ ላይ ተንቀጠቀጠ።
ሦስት ሰዓት ተኩል።
ልቀሰቅሳት እጄን ዘረጋሁ፤ ጣቷን በረኪና ልጦታል።
አነሣሁት።
ሙሉ ገጽ፣ ሳይቆራረጥ፣ ሹሩባዋ በግማሽ የተሠራ።
"አንቺ ማነሽ? እማዬስ?"
"ተኝታለች። ጥያቄው ምንድን ነው?"
"ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ታችኞቹ ቁጥሮች አልስማማ አሉኝ።"

እርሳሱን ከሩቂያ ጣት ቀስ ብዬ ሳብኩ።
ከተሠራ ቀስቅሽኝ ብላለች።
ገና አልተሠራም።