ሁለት ጣት

አባቴ ሁሉን ለካ፤
የማያውን ወርድ፣ የቁልፎቹን ዙር፣
ጆይስቲኩ የሚተከልበትን፣ የሽቦውን ክር፣
ቆሞ ሲጫወቱ ክርን የሚያርፍበት፣
ሳንቲም ሲወረወር ድምፁ የሚያልፍበት፤
ለካና በእርሳስ ጣውላው ላይ ጻፈ፣
እርሳሱንም ጆሮው ላይ ሰካና አረፈ።

ግዲኒያ ነው ይሄ፤ የባልቲክ ነፋስ፣ ጨው ጨው የሚሸት፣
እኛ አራተኛ ፎቅ፣ እሱ ምድር ቤት፣
ድሮ የከሰል፣ ዛሬ የጎረቤት ኪያር
በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ የሚከርምበት።
ሠላሳ አንድ ዓመት የመርከብ አናጢ፦
ማዕበል ሲያላጋው የማይንቋቋ አልጋ፣
መርከበኛ ሰክሮ የማይሰብረው መሳቢያ።
ጡረታ በወጣ ማግስት "የጌም ማሽን ልሠራ ነው" አለ።
የእናቴ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆመ።
"በስልሳ ስድስት ዓመትህ፣ ዜኖን?"
ዜኖን ሙጫ ፍለጋ ደረጃውን ወረደ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት አምፖል ያዥ ነበርኩ።
ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፎ፣ ብየዳው ጢሱን እየተፋ፣
ማሽኑ ግራ ሲሉት ቀኝ ይሄዳል፤
"ልክ እንደ እናትሽ" ይላል፣
ይስቃል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ።
በልጅነቴ፣ በጋ ሲገባ፣ ከአሸዋው ዳር
የሚቆም ተጎታች ነበር፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ውስጡ ጨለማ፣ ላብና የጋለ ሽቦ የሚሸት፣
ስድስት ማሽን እንደ ስድስት ምድጃ የሚነድበት።
የቢራ ሣጥን ላይ ያቆመኛል፣ ትከሻዬን ይይዛል፤
እሱ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም፣
ሳንቲሙ የአንድ ሰው ነበር።
መርከቤ ስትመታ ማያው ይጠይቃል፦ ይቀጥላል?
ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት።
የሸሚዙን ኪስ ይዳብሳል፣ የኋላ ኪሱን።
አራት። ሦስት።
ቁልፍ፣ ምስማር፣ የአውቶቡስ ትኬት።
ሁለት። አንድ።
ስንመለስ አላወራንም፤ ጫማችን አሸዋ ሞልቶ ነበር።

እና "ሳንቲም ማስገቢያው ለምንህ ነው፣ በነጻ አይሻልም?" ስለው
እንደ ጀማሪ ተለማማጅ አየኝ፤
"ካልከፈልሽበት መሞቱ አይሰማሽም።"
ከጎኑ ግን ብልቃጥ አንጠለጠለ፣
የመርከብ ፋብሪካ ሮንዴላ እስከ አፉ ሞልቶ።

የማውጫው ቀን ደረሰ።
ከሁለተኛ ፎቅ ቴዎፊል፣ ከሦስተኛ የጃድቪጋ መንታዎች፣
"አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!"
ሆ ብለን በሩ ላይ ቀረን።
ሁለት ጣት።
ጣውላው ሲገባ ጠፍጣፋ ነበር፣ ሲወጣ ቤት ሆኖ ነው።
መርከብ የሠራ ሰው በሩን ሳይለካ!
አንዱ መንታ ጎኑን እንቁረጠው አለ፣
ሌላው ግድግዳውን እናፍርስ አለ፣
ቴዎፊል ቮድካ አምጡ አለ።
አባቴ መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ፣ እንደ ፈረስ፤
"አይቆረጥም" አለ፣ መልሶም ተከለው።

አሁን ጎረቤቱ "ኪያር ላምጣ" ብሎ ይወርድና
እራቱ እስኪቀዘቅዝ ይቀራል።
እናቴ ግን "ያ የሬሳ ሣጥን" ትለዋለች፣
ደጁን ረግጣ አታውቅም።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
መብራት አይተን እኔና አባቴ ወረድን።
ቦዠና በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯ በቢጎዲን፣
ማያው ፊቷን አረንጓዴ ቀብቶት፣
መርከቧ ተመታለች።
ይቀጥላል?
ዘጠኝ። ስምንት።
ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤
"ዜኖን፣ ሳንቲም አለህ?"
ብልቃጡ ከክርኗ ሥር ነበር፣ ሙሉውን።
አባቴ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰ፣ የኋላ ኪሱን፤
ስድስት ነበር።
ገና ስድስት።