ብል የበላው ጉድጓድ

ከሙትራህ ወደብ ጀርባ፣ በጠባቡ ቅያስ፣
ጨው ግድግዳ ልጦ ጣራው ጋ እስኪደርስ፣
ሙራድ ባክሽ አለ፣ የድሮ ካርታ ሻጭ፤
እኔም ከጥግ አለሁ፣ ወረቀት ጠጋኝ፣ የስንዴ ሙጫ በጥባጭ።

ካርታው ለንደን ታትሟል፣ በመዳብ ሰሌዳ።
ቀራጩ ይህን ባሕር በዓይኑ አላየም፤
የማያውቀው ቦታ ሲደርስ
ግመል ሣለበት።
ከዚያ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣
መንገድ እንደሳተ የጉንዳን ሰልፍ፤
ድንበር ነው አሉት።
ወዲህ ሮዝ፣ ወዲያ ቢጫ።
ቀለሙን የቀቡት ልጆች ናቸው ይላል ሙራድ፣ በሳንቲም ተቀጥረው፤
አንዱን እጁ አዳልጦት ሮዙ መስመር ቢያልፍ፣
አንድ ሙሉ ጎሣ ከነፍየሎቹ
ሳይሰማ ለሌላ ንጉሥ ገበረ።

ማክሰኞ ለት ሁለት ሰዎች መጡ፣
አንዱ ከተራራው ወዲህ፣ አንዱ ከተራራው ማዶ።
ሰላምታቸው ረጅም፣ እንደ አማቾች።
የፈለጉት ያንኑ ካርታ፣ ያችኑ ጥፍር የማትሞላ ቦታ፦
ቢር ኑዋይራ፣ የውሃ ጉድጓድ።
«አያቴ ግመሉን እዚያ አጠጥቷል» አለ የወዲሁ።
«የኔም አያት» አለ የማዶው፣
«ያንተ አያት እስኪጨርስ ቆሞ እየጠበቀ።»

ሙራድ አጉሊ መነጽሩን አነሣ፤
አራታችንም ጎንበስ አልን።
ነጠብጣቡ መጣ፣ መጣ፣ ከተራራው ሥር ወረደ፣
ከዚያ ቀዳዳ።
ከስሙ የተረፉት ሁለት የፈረንጅ ፊደላት፣
በኛ ሲነበቡ፦ «ኑ»።

ውሃው የማን ነው? ብል፣
ብል ነው የጠጣው፤
ፓስፖርት ሳያሳይ በቢጫው ገብቶ
በሮዙ የወጣው።

ሰዎቹ ሳይገዙ ሄዱ፣ አንዱ የሌላውን በር ይዞለት።
«ድፈኚው» አለኝ ሙራድ።
መድፈኑስ ቀላል ነው፤ በምን ቀለም?
ሮዝ ብቀባው አንዱ ይጠማል፣ ቢጫ ብቀባው አንዱ ይጠማል።
እኔም ብሆን፣ በከፊሌ መዝገብ ስሜ በከፊል ነው፤
አትጠገብ ነበርኩ፣ «አት» ላይ ቆመ፣
የሚከለክለኝን ሳይነግረኝ።

ስስ ወረቀት በጣቴ ቀደድኩ፣ አራስኩ፣ ለጠፍኩ።
ቀለም አልነካሁም።

ሙራድ ተቆጥቶ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ፣ መስኮት ላይ ሰቀለው።
አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው
የጠገንኩት ቦታ ትንሽ ይኮማተራል፣
ጠጠር እንደወደቀበት ውሃ።